ፀጉሯን የቆረጡት ሰው

«ንገሪው እንጂ! አፍሽን ምን ያዘው?» አሉ አስጎብኚው ዶን ፋውስቲኖ። «ተራራው ከዚህ ከኩስኮ በከፍታ ብዙም አይበልጥም በይው። የኮካ ቅጠል ሻዩን ፉት ይበልና ነገ በጠዋት መኪናዬ ላይ ይውጣ።»

ዩሊሳ እንግዳውን አየችው። ግቢው መሀል አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሆላንዳዊ ዮሪስ ከንፈሩ ወይን ጠጅ መስሏል። የእሷን ቁመት ሊያክል ምንም ያልቀረው የጀርባ ቦርሳው እግሩ ስር ተጋድሟል። ከሊማ፣ ከባሕር ዳርቻ፣ በአውሮፕላን የመጣው ዛሬ ጠዋት ነው። እስከ እነዩሊሳ የእንግዳ ማረፊያ ድረስ ያለውን የሳን ብላስ ሰፈርን ደረጃ ሲወጣ ሦስት ጊዜ ቆሟል፤ በሩ ላይ ሲደርስ ደግሞ አስመለሰው። ጓደኛው ሊኬ ግንባሩን በእርጥብ ፎጣ ትጠርግለታለች። የእነዚህ ልጆች አገር ሩብ ያህሉ ከባሕር ጠለል በታች ነው። ዶን ፋውስቲኖ ሊወስዷቸው የፈለጉት ተራራ ደግሞ ከአምስት ሺህ ሜትር በላይ ነው። ይህን ለመረዳት የጂኦግራፊ መምህር መሆን አያስፈልግም።

በዚህ ቤት እንግሊዝኛ የምትችለው ዩሊሳ ብቻ ናት። ገና በአሥራ አራት ዓመቷ የቤቱ ምላስ ሆናለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ትንሽ ብሉ፣ ለየብቻ ተኙ» የሚለውን የከተማውን ምክር የምትናገረው እሷ ናት። የመጨረሻዋ ላይ ስትደርስ ፊቷ ቲማቲም ይመስላል፤ እንግዶቹም ይስቁባታል። እሱስ ይሁን። ደሟን የሚያፈላው ዶን ፋውስቲኖ የሚያስወሯት ውሸት ነው።

ባለፈው ሰኔ አንዲት እንግዳ «ራስ ምታቴ እስኪለቀኝ ልቆይ ወይስ ልሂድ?» ብላ ጠይቃት ነበር። ዶን ፋውስቲኖ «የተራራው ንፋስ ያሽላታል በያት» አሉ። ዩሊሳም እንደተባለችው አለች። ልጅቷ ከተራራው በፈረስ ጀርባ ተደግፋ ወረደች፤ አራት ቀንም ሆስፒታል ተኛች። ቦርሳዋን ልትወስድ ስትመጣ ክፉ ቃል አልተናገረችም፤ ዩሊሳን ዝም ብላ አየቻትና ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዩሊሳ በዶን ፋውስቲኖ ተናዳለች፣ በእናቷም ተናዳለች፣ ከሁሉም በላይ ግን በራሷ።

«ታሟል እኮ!» አለች አሁን። «አያዩትም?»

«ወጣት ነው፣ ይለቀዋል። አታካብጂ!» ብለው ሳቁ። «እነዚህ ልጆች ተራራ ሊያዩ እንጂ ትራስ ሊያቅፉ አልመጡም። መኪናዬ ሁለት ወንበር ባዶውን እንዲሄድ ነው የምትፈልጊው?»

እናቷ ኢርማ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከኩሽና ወጣች። «ዩሊ፣ የተባልሽውን በይ። አባትሽ ናቸው።»

አባቷ አይደሉም። ሦስት ዓመት እስኪሞላት መቀስ ያልነካውን ፀጉሯን፣ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ መጀመሪያ የቆረጡት ግን እሳቸው ናቸው። እነሱ ዘንድ ፀጉር የቆረጠ እንደ ክርስትና አባት ነው፤ እሱን መቃወም ነውር ነው። ዶን ፋውስቲኖ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ዩሊሳ ስታንገራግር ሁለት ጣቶቻቸውን እንደ መቀስ ከፈት ዘጋ ያደርጉባታል። አሁንም አደረጉት።

ዩሊሳ ወደ ዮሪስ ዞረችና በእንግሊዝኛ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየች ተናገረች። «ስማኝ፣ ነገ አትሂድ። ተራራው ከዚህ በአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይበልጣል። እንዲህ ሆነህ ከወጣህ ልትሞት ትችላለህ። ዛሬ ተኛ። ካልተሻለህ ሐኪም እንጠራለን።»

«ሰውየው ግን ቀላል ነው ያለ መስሎን ነበር» አለች ሊኬ ግራ ገብቷት። «እየሳቀ ነው እኮ።»

«የሚስቁት እናንተ ስለማትሰሟቸው ነው።»

ዮሪስ በረጅሙ ተነፈሰ። «እኔማ እምቢ ማለት አፍሬ ነበር» አለ።

«እሺ፣ ምን አለ?» ብለው ዶን ፋውስቲኖ ጠየቁ።

በእንግሊዝኛ ያለችው የገባው የቤት ሰው የለም። «ሆዱን አሞታል፣ አልሄድም አለ» ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ጥፋቱ የፈረንጁ ይሆናል፣ እሷም ጨዋ ልጅ እንደተባለች ትቀራለች። እናቷም በዓይኗ የምትለምናት ይህንኑ ነው። ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቦርሳ፣ ሌላ ከንፈሩ የጠቆረ ልጅ ይመጣል።

«እሱ ምንም አላለም» አለች ዩሊሳ። «እኔ ነኝ አትሂድ ያልኩት። ከፍታውንም ነገርኩት።»

«አንቺ?» የዶን ፋውስቲኖ ሳቅ ጠፋ። «እኔ ፀጉርሽን የቆረጥኩት ሰው…»

«ፀጉሬን ነው የቆረጡት፣ ምላሴን አይደለም!»

ጩኸቷ የጎረቤቱን ውሻ አስጮኸው። ዶን ፋውስቲኖ ተነሥተው ባርኔጣቸውን ደፉ። «ኢርማ፣ ልጅ አላሳደግሽም» አሉ። «ከዛሬ ወዲያ ልጅ አለችኝ አልልም።» በሩን ከኋላቸው ወርውረው ዘግተው ወጡ።

«አዋረድሽኝ» አለች እናቷ። «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄደሽ፣ ተንበርክከሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ።»

«ስለ ጩኸቴ እጠይቃለሁ። ስለተናገርኩት ግን አልጠይቅም።» አለች ዩሊሳ። «ሌላ ጊዜም ያለውን ነው የምናገረው። እሱ ካልተስማማሽ ሌላ አስተርጓሚ ፈልጊ፣ እማዬ።»

እናቷ የታመመውን ልጅ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ኩሽና ተመለሰች፤ ድስት ሲንኳኳ ተሰማ።

ዩሊሳ የቦርሳውን አንድ ማንገቻ ያዘች፣ ሊኬ ሌላውን። የእንግዶቹ ክፍል ፎቅ ላይ ነው፤ ዮሪስ ደግሞ አንዲት ደረጃ የመውጣት አቅም የለውም። ስለዚህ ቦርሳውን እየጎተቱ ዮሪስን ምድር ቤት ወዳለው ወደ ዩሊሳ ክፍል ወሰዱት።

«አንቺስ የት ልትተኚ ነው?» አለች እናቷ ከኩሽና።

«ካንቺ ጋር።»

እናቷ ማንኪያ ይዛ በኩሽናው በር ብቅ አለች።

«አኩርፌሻለሁ እኮ!»

«እኔም አኩርፌሻለሁ» አለች ዩሊሳ፤ አልጋዋንም ለእንግዳው ማንጠፍ ጀመረች።