እገሌ በሚለው ቦታ

በ1988 ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር 6 ቀን፣ የቁስቋም በዓል በዋለበት ሐሙስ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የሰበካ ጉባኤው አባላት በኦክላንድ ከተማ በአንድ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት እንደ ወትሮው ተሰበሰቡ። ቤቱ የሰው ነው፤ እሑድ የባለቤቶቹ፣ ቅዳሜና የሐሙስ ምሽት የተከራዮቹ ነበር።

ሰብሳቢው ቀሲስ አምሐ ከኤመሪቪል መጋዘን በቀጥታ ስለመጡ ከነጠላቸው ሥር የሥራ ሸሚዛቸው ይታይ ነበር። በቀኛቸው ባላምባራስ ሳህሉ ተቀምጠዋል፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል የነበሩ፣ አሁን ሄይዋርድ ከልጃቸው ቤት የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በግራቸው ከሳን ሆዜ የሚመላለሰው ጸሐፊው አቤሴሎም ነበረ፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ተናኘ፣ ቀን ቀን በዳውንታውን ሆቴል አልጋ የምታነጥፈው።

አቤሴሎም አጀንዳውን አነበበ። «አንደኛ፣ የጫማ መደርደሪያ። ሁለተኛ፣ የጎረቤታችን ሴትዮ እንደገና ኮምፕሌን አድርጋለች፤ ድራይቭዌዬ ላይ መግቢያዬን ዘግተው መኪና አቆሙብኝ ትላለች።»

«እሱን ዓባይነህ ይጠብቅ የለም እንዴ?» አሉ ባላምባራስ፤ ወዲያው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

ዓባይነህ ማክሰኞ ዕለት ከሚሠራበት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ በድንገት ወድቆ ሞቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሴትዮዋ በር ላይ ቆሞ የምእመናኑን መኪና የሚመልሰው፣ ለሴትዮዋም ባርኔጣውን እያነሣ ሰላምታ የሚሰጠው እሱ ነበረ።

«ሦስተኛው ይቅደም» አሉ ቀሲስ አምሐ። «ከነገ ወዲያ እንቀብረዋለን። የክርስትና ስሙን የሚያውቅ አለ?»

ስሙን ሊያውቁ የሚችሉት ሁለት ሰዎች በቅርብ የሉም። ወንድሙ ከደባርቅ ወዲያ ስልክ ከማይደርስበት አገር ነው፤ በሰው የተላከው መርዶ እስከ ቅዳሜ ሊደርስ አይችልም። የንስሐ አባቱ ካርቱም ላይ ዐርፈዋል።

«ዓባይነህ ብለን ብንጠራውስ አባ?» አለ አቤሴሎም። «እግዜር አያውቀውም?»

«እሱማ ያውቀዋል፤ ያላወቅነው እኛ ነን። መጽሐፉ ስም በሚገባበት ቦታ ‹እገሌ› ይላል። እዚያ ላይ ስሙን ካልተካሁ፣ እገሌን ፈትቼ እገሌን ቀበርኩ ማለት ነው።»

ተናኘ ይህችን ቃል ስትሰማ አንገቷን ደፋች፤ እሷ ዘንድ የቆየች ቃል ነበረችና።

በ1977 ዓ.ም.፣ ገዳሪፍ ከስደተኞች ድንኳን ውስጥ፣ ዓባይነህ ወባ ይዞት ሲቃዥ ያስታመመችው እሷ ነበረች። «ስሜን ያዥልኝ» አላት፤ «ከሞትኩ ለቄስ ንገሪልኝ። እገሌ ተብዬ አፈር አልግባ።» ከዚያ ሙሉ ስሙን ነገራት፤ ወዲያውም በዚያ በደረቀ ከንፈሩ ቀልድ ጨመረበት፤ ሁለቱም ሳቁ። በማግስቱ ላብ አጠመቀውና ዳነ። ቀልዱ አብሯት ቀረ፤ ስሙ ግን ከአእምሮዋ ተንሸራተተ። ኦክላንድ ከገቡም በኋላ በየፋሲካው «ስሜን ይዘሽልኛል?» ይላታል፤ እሷም «ይዣለሁ» ትለዋለች፤ በሕይወት ያለን ሰው ስምህ ማን ነበር ብላ መጠየቅ እያሳፈራት።

አሁን ያላት ቀልዱ ብቻ ነው፤ እሱም ቄስ ፊት የሚነገር አልመሰላትም። ቢሆንም አደራው ከእፍረቱ በለጠባት።

«አባ፣ እኔ ግማሹን አውቃለሁ» አለች። «የሚጠጣ ነው ብሎኛል።»

«ምኑ?» አሉ ቀሲስ።

«ስሙ። የስሙ እኩሌታ።»

ባላምባራስ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ጠበል ነዋ! ሰውዬው መንፈሳዊ ነበር።»

«ጠበል አይደለም ባላምባራስ» አለች ተናኘ፤ ፊቷ ቀላ። «‹የስሜን እኩሌታ አዲስ አበባ በየመጠጥ ቤቱ ቀዝቅዞ ይጠጣል፤ እኔ እዚህ በውሃ ጥም ልሞት ነው› ነበር ያለኝ።»

አቤሴሎም እስክሪብቶውን ጣለ። «ጊዮርጊስ ቢራ!»

ተናኘ ቁጣ ጠበቀች። ቀሲስ አምሐ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ሳቁ ሲያልፍም ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሰማዕቱ አይቀየምም» አሉ፤ «ጠርሙሱ ላይ ሲለጥፉት መቼ አስፈቀዱት! በይ፣ የፊተኛውስ? ወልደ ነው? ገብረ? ኃይለ? ተክለ?»

«እሱ ነው የጠፋኝ አባ።»

«ቀላል ነው» አሉ ባላምባራስ፣ ነፍሳቸው ወደ ቀድሞው ምክር ቤት ተመልሳ። «ወልደ ጊዮርጊስ የምትሉ እጃችሁን አንሡ!»

«ባላምባራስ፣ የክርስትና ስም በድምፅ ብልጫ አይወጣም።»

«እሺ፣ ሚኒትሱ ላይ ምን ልጻፍ?» አለ አቤሴሎም። «ጊዮርጊስ፣ ቀሪው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል ልበል?»

«አንተ ልጅ፣ ዛሬስ አፍህን ሰብስብ!» አለችው ተናኘ፤ እሷም ግን ፈገግ አለች።

«ገብር ማለት አገልጋይ ነው» አሉ ቀሲስ። «የሰው በር ላይ ቆሞ በፀሐይም በዝናብም ሲያገለግል አይተነዋል። ቁርጡ እስኪመጣ በምናውቀው እንጥራው።»

ቅዳሜ ፍትሐቱ ሲደርስ ቀሲስ «ገብረ ጊዮርጊስ» ባሉ ቁጥር ተናኘ ጆሮዋን ታቀና ነበር፤ ያ ስም ከገዳሪፍ ድምፅ ጋር ይገጥም እንደሆነ ለመስማት፤ ግን ይግጠም አይግጠም መለየት አልቻለችም። በዚያን ሰዓት ባላምባራስ ሳህሉ በከዘራቸው ተደግፈው ከጎረቤቲቱ በር ላይ ቆመው መኪና ይመልሱ ነበር፤ ባለ ባርኔጣውስ የት አለ ብላ ሴትዮዋ ስትጠይቃቸው፣ እንግሊዝኛው ባይገባቸውም ጥያቄው ገብቷቸው እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ።

በታኅሣሥ ወር ወንድሙ ደባርቅ ከተማ ወርዶ ደወለ። ስሙ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበረ። ተናኘ ስልኩን እንደያዘች «እሱ ነው፣ እሱ ነው» አለች፤ ድንኳኑም፣ ትኩሳቱም፣ ድምፁም ተመለሱላት።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ወደ ሱዳን የተሰደደውን ሕዝብ በቁጥር አስቀምጠውታል፤ ቁጥርም የእገሌ ሌላ ስሙ ነው። የኦክላንዱ ሰበካ ጉባኤ ግን አርባው በወጣበት ቅዳሜ ስሙን አቃንቶ በቦታው አስገባ። ከጥር ወር ጀምሮም ነባርም ሆነ አዲስ አባል የክርስትና ስሙን እንዲያስጽፍ ተወሰነ፤ መጀመሪያ የተጻፈው ወለተ ሥላሴ የሚል ሲሆን የተናኘ ነው።