እትዬ ዘምዘም ያላሉት

«ዝም በሉ እስቲ፣ የእኛ አገር ነው» አለ አንዱ፤ ሻይ ቤቱም ጸጥ አለ።

ቅዳሜ፣ የቀን ሰባት ሰዓት ዜና ነው። ከሚሴ መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ወንበር ጠፍቶ ሰው እስከ በሩ ድረስ ቆሟል። ኢማን ከጓደኛዋ ከዘሊካ ጋር ግድግዳውን ተደግፋለች። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤቱ ድምጽ ማጉያ ዜና የምታነበው እሷ ነች። ዛሬ ግን ድምጿ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ይህንን ለዘሊካ ሳምንቱን ሙሉ ስትነግራት ሰንብታለች።

ቴሌቪዥኑ ላይ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ የተኛበት የጨፋ ሜዳ ታየ። ከዚያ ጭቃ የተጫነው በቆሎ። ከዚያ የጨፋዋ ገበሬ እትዬ ዘምዘም ሻርፓቸውን አገጫቸው ሥር ቋጥረው በኦሮምኛ ሲናገሩ ታዩ። ሁለት ሦስት ቃል እንደተሰማ የእሳቸው ድምጽ ዝቅ አለና የኢማን ድምጽ በላዩ መጣ፤ ጥርት ያለ፣ የጋዜጠኛ የመሰለ።

«ጎርፉ ማሳዬንና ሁለት በሬዎቼን ወስዶብኛል። ሆኖም እርዳታው በወቅቱ ስለደረሰን እናመሰግናለን።»

ዘሊካ ክንዷን ጨምቃ ያዘቻት። «አንቺ፣ ቀወጥሽው እኮ» አለቻት በጆሮዋ።

ኢማን ግን የምታየው ሰዎቹን ነበር። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የሻይ ብርጭቆአቸውን ሳይጠጡ አስቀመጡ።

«የቱ እርዳታ ነው የደረሳት? እኛ ጋ አንድ ጣሳ እህል አልመጣ» አሉ።

«ለብቻዋ ሰጥተዋት ይሆናላ» አላቸው ከጎናቸው ያለው ሰው። «ይኸው አፏን ከፍታ ተቀበልን አለች። ከእንግዲህ ለእኛ ማን ያመጣል?»

ዜናውን የሠራው ጋዜጠኛ ከአዲስ አበባ የመጣው ከዘጠኝ ቀን በፊት ነበር። ኦሮምኛ ስለማይችል ትምህርት ቤቱ ኢማንን እንድታስተረጉምለት ሰጠው። እትዬ ዘምዘም ካሜራው ፊት ቆመው ብዙ ተናገሩ። ውሃው በሬዎቹን ሲወስድ ገመዱ እጃቸው ላይ እንደነበር፣ ከነልጆቻቸው መስጊድ በረንዳ ላይ ማደር ከጀመሩ አሥራ አንድ ቀን እንደሆናቸው፣ ስም ጽፎ የሄደ እንጂ እህል ይዞ የመጣ ሰው እንደሌለ። መጨረሻ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ጋዜጠኛውን መረቁት። ከሩቅ መጥተህ ስለጠየቅከን አላህ ያክብርህ አሉት። ኢማን አንድም ሳታስቀር ተረጎመችለት።

ጋዜጠኛው ሰዓቱን አየ።

«ይሄ ረዘመ። መጨረሻ ላይ አመስግነዋል አይደል?»

«አዎ።»

«ለእርዳታው?»

ኢማን ወደ እትዬ ዘምዘም አየች። ጋዜጠኛው ማይኩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«ስሚ፣ ጥሩ ድምጽ አለሽ። አጠር አድርገሽ በቆንጆው ካልሽልኝ ያንቺን ድምጽ እንዳለ ነው የማስገባው። አዲስ አበባ ሌላ ሰው አላስነብብም።»

«አዎ፣ ለእርዳታው ነው» አለች ኢማን። ቃሉን መፈለግ እንኳ አላስቸገራትም፤ ከቴሌቪዥን ስትሰማው የኖረችው ነው። እትዬ ዘምዘም የምትለው ሳይገባቸው አጠገቧ ቆመው ፈገግ ብለው ያዩዋት ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ጨፋ ፊቱን አዞረባቸው። ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ ሴቶቹ ሰላምታ ነሷቸው። ልጆች «እናመሰግናለን፣ እናመሰግናለን» እያሉ እየዘፈኑ ከኋላ ተከተሏቸው። አንዷ ጎረቤት ከጎርፉ በኋላ ያዋሰቻቸውን ድስት በሰው ልካ አስመለሰች።

ረቡዕ ዕለት እትዬ ዘምዘም ኢማን ቤት መጡ። ግቡ ቢባሉም አልገባም ብለው ደጅ ቆሙ።

«ልጄ» አሉ በኦሮምኛ፣ «አዲስ አበባ ወስደው ቃሌን ለውጠውብኛል አሉ። ያልኩትን አንቺ ሰምተሻል። ነገ እህል የሚያድለው ሰው ከሌላ አገር ነው፣ የእኛን ቋንቋ አይሰማም። መጥተሽ መስክሪልኝ።»

ኢማን እሺ አለች። 

«ምን ያስጨንቅሻል?» አለቻት ዘሊካ ነገሩን ስትሰማ። «ጋዜጠኛው ነው የቀየረው በያ። እሱ እንደሆነ ሄዷል። ማን ያጣራል?»

ሐሙስ ጠዋት መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ሰልፉ እስከ አጥሩ ደርሶ ነበር። እህል አዳዩ ጠረጴዛ ላይ የስም ዝርዝር ዘርግቷል። የእትዬ ዘምዘም ስም ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል።

«እናት፣ እርስዎ እኮ አገር ያየዎት ነዎት» አላቸው። «በቴሌቪዥን ደረሰኝ ያለ ሰው ሁለት ጊዜ አይቀበልም።»

«እሳቸው እንደዚያ አላሉም» አለች ኢማን።

«ታዲያ ማን ነው ያለው?»

ዘሊካ ከሰልፉ ዳር ሆና በዓይኗ ትጠቅሳታለች። ኢማን ፊቷን ወደ አዳዩ መለሰች።

«እኔ ነኝ። ያላሉትን ነው የተረጎምኩት።»

ሰውዬው ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ሳቅ ነው።

«ያኔ ከዋሸሽ፣ አሁን እውነት መናገርሽን በምን ልወቅ? ዝርዝሩ ጸድቆ የመጣ ነው። አገር የሰማውን በአንዲት ተማሪ ቃል አልሽረውም። ቀጣይ።»

ከኋላ ያሉት ገፏቸው። ሰልፉ ውስጥ አማርኛ የሚሰሙት ሁሉ ሰምተዋል፤ ለእትዬ ዘምዘም ልንገራቸው ብሎ የቀረበ ግን የለም። አንዱ ምራቁን መሬት ላይ ተፋ።

እትዬ ዘምዘም ባዶ ማዳበሪያቸውን በብብታቸው ይዘው የኢማንን ክንድ ያዙ።

«ማል ጄዴ? ምን አለ?» አሉ። «ሲስቅ አይቼዋለሁ። ሊሰጠኝ ነው?»

ሌላ ቀን ይምጡ ብሏል ማለት ይቻል ነበር። አጭር ነው፣ ቀላል ነው፣ ምላሷ ጫፍ ላይም ደርሷል። ኢማን ዘሊካን አላየቻትም። በኦሮምኛ ጀመረች። መጀመሪያ ሰውዬው ያለውን ቃል በቃል ነገረቻቸው። ቀጥላ እሷ ራሷ ያለችውን፤ የዛሬውን፣ ከዚያም ካሜራው ፊት የዚያን ቀኑን።

መሃል ላይ እትዬ ዘምዘም ክንዷን ለቀቁት። ኢማን አላሳጠረችም፤ የቀረውን መናገሯን ቀጠለች።