የጣሪያ ጠጋኟ የመጨረሻ እርምጃዎች

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መነጽር ሠሪዋ ለአጎቷ ምሳ ይዛ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደሚሠራበት ስቱዲዮ ስትገባ፣ ሽማግሌውን ከሥዕል ክፍሉ ወደ ማኅደር ክፍሉ በሚወርደው የብረት ደረጃ ሥር ወድቀው አገኘቻቸው። አንገታቸው ተሰብሮ ነበር። ላይ፣ ጠረጴዛቸው ላይ፣ ከሥሩ መብራት ያለው መስታወት እንደበራ ነው። ከጎኑ አሥራ ስድስት የእርሳስ ሥዕሎች ጠርዛቸው ተስተካክሎ ተደራርበዋል።

በስቱዲዮው ሁሉም ሰው «ጋሽ ቀስ» ይላቸው ነበር። በሰዓት አራት ሥዕል ይሥላሉ፤ አምስተኛ የለም። ሥራ አስኪያጁ ቢቆጣ፣ ዳይሬክተሩ ቢለምን፣ እርሳሳቸው አይፈጥንም።

ጉዳዩ የተሰጣት መርማሪ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል፤ ታውቃለች፣ ቅር ግን አይላትም። አለቃዋ ሲልካት ነገሩን በሆዱ ጨርሶታል። ሰውዬው አርጅተዋል፣ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ አይተሽው ተመለሽ ነበር ያላት።

መርፌ ግን አይታ ብቻ የምትመለስ ሴት አልነበረችም። የስቱዲዮው ቁልፍ ከሟቹ ሌላ በሦስት ሰዎች እጅ እንዳለ ሰማችና አንድ በአንድ አነጋገረቻቸው።

ሥራ አስኪያጁ የማኅደር ክፍሉን ባዶ አድርጎ የስብሰባ አዳራሽ ሊያደርገው ሲፈልግ፣ ጋሽ ቀስ በር ላይ ቆመው አሮጌዎቹ ሥዕሎች አይጣሉም ብለውት ተጨቃጭቀዋል። እሑድ የት ነበርክ ስትለው ቤቱ ብቻውን ተኝቶ እንደነበር ነገራት። የሥዕሎቹ ቀለም ቀቢ ደግሞ ከሟቹ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት ናት፤ ዓርብ ዕለት በአንድ ባልዲ ቀለም የተነሳ ተኳርፈው ተለያይተዋል። እሷም ብቻዋን ልብስ ስታጥብ ነው የዋለችው። ዳይሬክተሩ ብቻ ምስክር አለው፤ ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ሃምሳ ተማሪ ፊት ቆሞ ሲያስተምር ነበር።

«ስቱዲዮውን መጨረሻ የረገጡት መቼ ነው?» አለችው።

«ዓርብ ማታ። ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም።»

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ሞቱን ከጠዋቱ ሦስት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አደረገው፤ ከዚያ በላይ ማጥበብ አልቻለም። ያጠበቡት ሥዕሎቹ ናቸው። ጋሽ ቀስ በሥራ ወረቀታቸው ላይ ሁለት ሰዓት መጀመራቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈዋል። አሥራ ስድስት ሥዕል በእሳቸው እጅ አራት ሰዓት ይፈጃል። እንግዲህ እስከ ስድስት ሰዓት በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ያን ጊዜ ዳይሬክተሩ ተማሪዎቹ ፊት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት መርፌ ወደ መነጽር ቤቱ ሄደች። የሟቹ የእህት ልጅ መስታወት እየሞረደች ነበር።

«አጎትሽን የሚጠላ ሰው ነበር?»

«አጎቴን የሚያውቃቸው ሰው እንኳ መች ነበረ?» አለች ልጅቷ እጇን ሳታሳርፍ።

ከዚያ ሞረዷን አስቀምጣ ስለ «ጣሪያ ጠጋኟ» ታወራ ጀመር። ዝናብ በማያባራበት ከተማ የሰው ጣሪያ እየዞረች ስለምትጠግን ልጅ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በዚያው ስቱዲዮ የተሠራ ተከታታይ የአኒሜ ፊልም ነው። የታየው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ልጆች ትምህርት ቤት በሚውሉበት ሰዓት ነበር። ከአሥራ አንደኛው ክፍል በኋላ ተቋረጠ፤ አሥራ ሁለተኛው ሳያልቅ ቀረ። እሷና ስምንት ጓደኞቿ ግን ለዓመታት እያንዳንዱን ትዕይንት እያቆሙ፣ የትኛው በማን እጅ እንደተሣለ ሲለዩ ኖረዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አዳራሽ ይዘው ሁሉንም ሊያሳዩ፣ የሠሪዎቹንም ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉ አስበዋል። አጎቷ እሑድ ሲሥሉ የነበሩት ሳያልቅ የቀረውን የመጨረሻ ትዕይንት ነው።

«ማንም ላላየው ነገር ይህን ያህል ትደክማላችሁ?»

«ማንም አላየውም ማለት አልተሠራም ማለት ነው እንዴ?» አለች ልጅቷ ድምፅዋ ጠንከር ብሎ። «አለቃዎ የሕፃናት ሥዕል ነው እንዳሉ ሰምቻለሁ። ዘጠነኛውን ክፍል ይዩልኝና እርስዎም እንደዚያ ይበሉኝ።»

እዚያው መነጽር ቤቱ ጓዳ ተቀምጠው አዩት። ጣሪያ ጠጋኟ እርጥብ ጣሪያ ላይ ስትወጣ ቆርቆሮው ሲሸከማት፣ ጉልበቷ ትንሽ ሲታጠፍ፣ ፀጉሯ ከእሷ ዘግይቶ ሲያርፍ መርፌ እስትንፋሷን ይዛ ተመለከተች። ሲያልቅ እንደገና እንድትከፍተው ጠየቀቻት። ዳይሬክተሩ የዚህ ክፍል ሥዕል የኔ ነው እያለ በየመድረኩ ሲናገር እንደኖረ፣ በዚሁም መምህር እንደሆነ የሰማችው ያኔ ነው። ጋሽ ቀስ ደግሞ ከአንድ ወር በፊት፣ የእህታቸው ልጅ አጥብቃ ስትጠይቃቸው፣ ዘጠነኛውን እሳቸው እንደሣሉት ነግረዋት ነበር።

መርፌ አሥራ ስድስቱን ሥዕሎች ከቦርሳዋ አወጣች። መነጽር ሠሪዋ በአውራ ጣቷ አንዴ በፍጥነት ገለጠቻቸው። ደግማ ገለጠቻቸው። ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄ የአጎቴ ሥራ አይደለም» አለች። «አምስቱ ብቻ ናቸው የሳቸው።»

ሐሙስ ጠዋት አምስት ሰዎች በሥዕል ክፍሉ ተሰበሰቡ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ቀለም ቀቢዋ፣ ዳይሬክተሩ፣ መነጽር ሠሪዋና ሰዓቱን የሚያየው የመርፌ አለቃ። መርፌ ሥዕሎቹን በበራው መስታወት ላይ በተርታ ዘረጋች።

«ጋሽ ቀስ እንዴት እንደሚሥሉ የነገረችኝ የእህታቸው ልጅ ናት» ብላ ጀመረች። «ቤት እንደሚሠራ ሰው ነው። መጀመሪያ ምሰሶዎቹን ይተክላሉ፤ አንደኛ፣ አራተኛ፣ ስምንተኛ፣ አሥራ ሁለተኛ፣ አሥራ ስድስተኛ። በመካከል ያለውን ኋላ ይሞላሉ። እዚህ ጣሪያ ጠጋኟ ውኃ የሞላ ባልዲ ይዛ መሰላል ትወርዳለች። በአምስቱ ላይ ትከሻዋ በባልዲው በኩል ወርዷል። በቀሩት አሥራ አንድ ላይ ግን ቀጥ ብላለች፤ ባልዲው ባዶ ይመስላል፣ እግሯም መሰላሉን አይረግጥም፣ ይንሸራተታል። አሥራ አንዱን ሌላ ሰው ነው የሣላቸው።»

«ቢሆንስ?» አለ አለቃዋ።

«አምስት ሥዕል አንድ ሰዓት ከሩብ ነው፣ ጌታዬ። ጋሽ ቀስ የሞቱት ስድስት ሰዓት ላይ ሳይሆን ከሦስት ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ነው። አንድ ሰው እሳቸው ከታች ወድቀው ሳሉ፣ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እየተጣደፈ አሥራ አንድ ሥዕል ሥሏል። ለአደጋ ደግሞ ማንም ሰው የውሸት ሰዓት አይሠራለትም። የሠራው ስድስት ሰዓት ላይ ምስክር ያለው ሰው ነው።»

ዳይሬክተሩን ያየው የለም። ሁሉም ወለሉን አዩ።

መርፌ ቀጠለች። የጓደኛሞቹ ቡድን የሁሉንም እጅ ለይቶ ሲጨርስ ስሙን ያላገኘለት አንድ ሠሪ ብቻ ቀርቶ ነበር። በአራተኛው ክፍል ልጅቷ ድልድይ ስትሻገር እግሯ መሬት አይነካም፤ ተረከዟ ላይም መስመሩ በትንሽ ቆልማማ ጫፍ ያልቃል። «ተንሸራታቹ» ብለውታል። ያ ቆልማማ ጫፍ በአሥራ አንዱ ሥዕሎች ላይም አለ።

«እትዬ» አለች መርፌ ወደ ቀለም ቀቢዋ ዞራ፣ «የድልድዩን ሥዕሎች ቀለም ይቀቡልኝ ብሎ ያመጣልዎት ማነው?»

«እሱ ነው» አለች ቀለም ቀቢዋ ዳይሬክተሩን ሳታየው። «ያኔ ጀማሪ ነበር። ልጅቷ መሬት አትረግጥም ብዬ ብነግረው አንድ ወር አኮረፈኝ።»

ዳይሬክተሩ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «የሃያ ዓመት ትዝታና የተረከዝ መስመር። በዚህ ሰው ይከሰሳል?»

«አይከሰስም። ለዚህ ነው አሻራ ያስመረመርኩት፤ አለቃዬ ለሥዕል አሻራ ምን ይሠራል ቢሉኝም። በአሥራ አንዱ ወረቀት ላይ የጋሽ ቀስ ጣት የለም። የእርስዎ አለ። ሥዕሉ የተጀመረው እሑድ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ከዓርብ ወዲህ አልተመለስኩም ብለውኛል። ዘጠነኛውን ክፍል የሣሉት እርስዎ ከሆኑ እርሳሱ ይኸው። አንድ እርምጃ ብቻ ይሣሉልን፤ ልጅቷ ትርገጥ።»

ዳይሬክተሩ እርሳሱን አነሳ። ጫፉ ወረቀቱን ነካ፤ መስመር ግን አልወጣም። ከዚያ መልሶ አስቀመጠው።

«ዘጠነኛው ላይ ስሜን ተዉልኝ ብቻ ነበር ያልኳቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ሃያ ሁለት ዓመት ዝም ብለው አሁን ምን አመጣው አልኳቸው። ‹ማን ጠይቆኝ ያውቃል? እሷ ጠየቀችኝ፤ ለእሷ አልዋሽም› አሉኝ። ተነስተው ወደ ማኅደሩ ሲሄዱ ገፋኋቸው። እንዲወድቁ አልፈለግኩም።»

«ምናልባት» አለች መርፌ። «ግን ለእርዳታ አልጮኹም። ተቀምጠው ሥዕል ሣሉ።»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ አለቃዋ ሰዓቱን ማየት ትቶ ነበር።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ ከሁለት መቶ ወንበር የተያዘው አሥራ ዘጠኙ ነው። ሥራ አስኪያጁ አፍሮ ይሁን አዝኖ፣ የጎደሉትን አሥራ አንድ ሥዕሎች ሌላ ሠዓሊ ይሙላቸው ብሎ ነበር። መነጽር ሠሪዋ አሻፈረኝ አለች። አምስቱ ብቻ ይታያሉ፤ በመካከሉ የፊልም ሸራው ጨለማ ይሁን፣ የጎደለው መጉደሉ ይታይ አለች።

መርፌ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አነበበች። ከዘጠነኛው ክፍል ጎን የጋሽ ቀስ ሙሉ ስም ተጽፏል። ከአራተኛው ክፍል የድልድይ ትዕይንት ጎን ደግሞ የዳይሬክተሩ ስም አለ።

«እሱንም ጻፍሽው?»

«ድልድዩን የሣለው እሱ ነው» አለች ልጅቷ። «አጎቴን የገደለ ሰው ስለሆነ ብዬ የእጁን ሥራ ብሰርዝ፣ ከሱ በምን ተለየሁ? የሠራውን ጽፌያለሁ። ያልሠራውን አንዲት ቃል አልሰጠሁትም።»

ከኋላ አንድ ሰው፣ ተመልካች ይጨመር እንደሆነ ትንሽ እንጠብቅ ወይ ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ ባዶዎቹን ወንበሮች አንድ ጊዜ ቃኘቻቸው።

«የመጣው ይበቃል» አለችና መብራቱን አጠፋች።