ለአባቷ የቀመሰችው ዳቦ

ልብስ ሰፊዋ አረንጓዴውን ዳቦ ከመደርደሪያው አንሥታ በመዳፏ መዘነችው፤ ገለበጠችው፤ በጣቷ አንጓ አንኳኳችው። ከዚያም ጆሮዋን አስጠጋች።

«ምን እያዳመጥሽ ነው?» አላት ዳቦ ጋጋሪው።

«ውስጥ ሰው ካለ ብዬ ነዋ፣ ጋሼ።»

ወረፋ ይዘው የቆሙት ሳቁ። ከባንኮኒው ጀርባ ፌስታል የምታዘጋጀው ሚጣ ግን አልሳቀችም። አባቷን ነበር የምታየው።

«ተልባ አለው፤ የዱባ ፍሬ አለው፤ ቺያ የሚሉት ፍሬም አለው» አለ አባቷ። «አረንጓዴው ደግሞ የሞሪንጋ ቅጠል ነው። ሌላ ቦታ ሰው ተሰልፎ ነው የሚገዛው። ለልብ ነው፣ ለደም ነው፣ ለአንጀት ነው!»

«አንጀቴስ ደህና ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ጥርሴ ነው።» ልብስ ሰፊዋ ዳቦውን፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኙ፣ ቀስ አድርጋ ቦታው መለሰችው። «ነጩን ስጠኝ። እሱን ሌላ ቀን እወስዳለሁ።»

«ባለፈውም ሌላ ቀን ነበር ያልሽው። ለሆዱ እንጂ ለጤናው የማያስብ ሰው ምን ይደረጋል!»

ቃሉ ከቀልዱ አልፎ ሄደ። የልብስ ሰፊዋ ፈገግታ ከፊቷ ወረደ፤ ነጭ ዳቦዋን ተቀብላ ወጣች። ባለፈው ሳምንት ጡረተኛው መምህር የወጡትም እንዲሁ ነበር።

አረንጓዴውን የጤና ዳቦ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ሞክሮታል። «አይጥምም» ያለ ግን አልነበረም። ከአልጋ በቅርቡ የተነሣ ሰው፣ ያውም እንደዚያ ደስ ብሎት ለጋገረው ዳቦ፣ ማን ደፍሮ አይጥምም ይላል? ስለዚህ ሰበብ ተፈለገ፤ ይሉኝታ የአንዱን ጥርስ አሳመመ፤ የሌላውን ሆድ ነፋ፤ የአንዷን ልጅ አስለቀሰ። ዳቦው ግን መደርደሪያው ላይ አድሮ ይደርቅ ነበር።

ሚጣ ደግሞ ሌላው ሰው የማያውቀውን ታውቅ ነበር።

አባቷን አልጋ ላይ ያዋለው ረጅም ትኩሳት ሲለቀው ብቻውን አልሄደም፤ ማሽተቱንና መቅመሱን ይዞበት ሄደ። ወደ ዳቦ ቤቱ በተመለሰ ቀን ሊጡ ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ «እስኪ አንቺ አሽትቺው» አላት። እንደ ቀልድ ወስዳው ነበር። ፊቱን ስታይ ቀልድ እንዳልሆነ ገባት።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አላት። «የማይቀምስ ጋጋሪ ዳቦ ማን ይገዛል?»

እናቷ ለሥራ ሌላ ከተማ ስለሆነች ምስጢሩ የሁለቱ ብቻ ሆነ። ነጩን ዳቦ እጁ ያውቀዋል፤ ለዓመታት የጋገረው ነው። የሚጠራጠረውን ሁሉ ግን ሚጣ ትቀምስለታለች፤ ጨው በዛ፣ እርሾው ኮመጠጠ ትለዋለች። ሥራ ላይ ሲሆኑ «ምላሴ» ብሎ ይጠራት ጀመር።

የጤናው ዳቦ ሐሳብ የመጣለት ታሞ ተኝቶ ስልኩን ሲያይ በነበረበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሚጣ አትረሳውም። አባቷ ሊጡን የሚያቦካው እያፏጨ ነበር። ከታመመ ወዲህ ፉጨቱን ሰምታ አታውቅም። ዳቦው ሲወጣ ቆርሶ ሰጣት፤ እሷም ነከሰች። መራራ ነበር፤ ጉሮሮ ላይ የሚቀር መራራ።

«እሺ? ምን ምን ይላል?»

ዓይኖቹ ተከፍተው ይጠብቁ ነበር።

«አሪፍ ነው» አለች። ይህ ብቻውን ያነሰ ሲመስላት ጨመረችበት። «የተቆላ ኦቾሎኒ፣ ኦቾሎኒ ይላል።»

ቃሉ ቀላል ነበር፤ ሳታስበው ነው የወጣው።

አሁን፣ የመጨረሻው ደንበኛ ሲወጣ፣ አባቷ የወረቀት ቆቡን አውልቆ ወደ እሷ ዞረ። ልብስ ሰፊዋን ከወዲሁ ረስቷታል።

«አንድ ነገር ደብቄሻለሁ፤ ቅዳሜ ትምህርት ቤታችሁ የወላጆች ስብሰባ አለ አይደል? ርዕሰ መምህሯን አነጋገርኳት። ዳቦውን ይዤ እመጣለሁ፤ ተማሪውም ወላጁም ይቀምሳል። ከወደዱት የትምህርት ቤቱ ሻይ ክበብ በየቀኑ ከእኔ ይወስዳል። ያን ጊዜ ነጩን ጨርሼ እተወዋለሁ።»

«ነጩን ትተወዋለህ?»

«ምን ያደርግልኛል? ምላሴ የመሰከረችለት ዳቦ እያለኝ!»

*

«ያንን ጡብ? እዚህ? ለእኛ ክፍል?» አለች ሬዲዮ።

ሬዲዮ የሚጣ ጓደኛ ናት። ይህ ስም የወጣላት ከተከፈተች ስለማትዘጋ ነው። በዕረፍት ሰዓት ከደረጃው ሥር ተቀምጠው ነበር።

«ሳቂ፣ ሳቂ።»

«አልሳቅኩም። ማለቴ ሳቅኩ፣ ግን አንቺ ላይ አይደለም። ቆይ ቆይ፣ አንቺ ራስሽ ትበይዋለሽ?»

ሚጣ የጫማዋን ክር ፈትታ እንደገና አሰረች። «አይበላም። ለአባዬ ግን አሪፍ ነው አልኩት።»

«ራሱስ አይቀምሰውም እንዴ?»

«እሱማ…» የአባቷ ምስጢር ከንፈሯ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። «የራሱ ነገር ስለሆነ ነው መሰለኝ።»

«እውነትሽን ነው፤ አባቶች የራሳቸው ነገር ሁሌም ይጥማቸዋል። የኔ አባት ሲዘፍን ሰምተሽዋል? ሰማይ ይወርዳል እኮ! እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚዘፍነው።» ሬዲዮ በድንገት ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ስሚኝ፤ ክፍሉን ለእኔ ተይልኝ። ሁሉም አንዳንድ ቁራሽ ይነክሳል፣ ዋው ይላል፣ ውኃ ይጠጣል። አለቀ!»

«ይፎግሩታል ማለት ነው?»

«አቦ አታካብጂ! ትንንሽ ሳለን የዳቦ ጫፍ ስንት ቀን በነጻ አብልቶናል? አንድ ቀን ብንዋሽለት ምን አለበት? ባንዋሽለት ነው ሼሙ።»

ሚጣ ከትናንት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲቀልላት ተሰማት። ሬዲዮ ካለች ታደርገዋለች፤ ክፍሉን ከፈለገች ታስለቅሳለች፣ ከፈለገች ታስጨፍራለች። አባቷ በርዕሰ መምህሯ ፊት አያፍርም። ቅዳሜ በሰላም ያልፋል።

ከቅዳሜ በኋላ፣ ዳቦው በየቀኑ መምጣት ስለሚጀምርበት ሰኞ ሬዲዮ ምንም አላለችም። ሚጣም አልጠየቀቻትም።

*

አርብ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሚጣ ወደ ዳቦ ቤቱ ጓዳ ገባች። አባቷ ከምድጃው አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ክንዱ እስከ ክርኑ ዱቄት ነው። ዓይኖቹን ጨፍኖ በጣም ቀስ ብሎ ያኝካል። ፊቱ፣ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ለመስማት የሚሞክር ሰው ፊት ይመስላል።

ኮቴዋን ሲሰማ ዓይኑን ገለጠ።

«ነይ ምላሴ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ኦቾሎኒው የሚመጣው ቶሎ ነው ወይስ ከዋጡት በኋላ?»

«የቱ ኦቾሎኒ?»

«ኦቾሎኒ ይላል አላልሽኝም?» ትንሽ እንደ ማፈር አለ። «አትሳቂብኝና፣ ሥራ ስጨርስ እንዲህ አደርጋለሁ። አንድ ቁራሽ አኝክና አንቺ ያልሽውን አስባለሁ። የተቆላ ኦቾሎኒ ምን ምን እንደሚል አልረሳሁትም እኮ። አንዳንዴ የመጣልኝ ይመስለኛል። ትናንት ለምሳሌ፣ ትንሽ… ትንሽ መጣ።»

ሚጣ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች።

አባቷ የሚበላው ዳቦ በዓለም ላይ አልነበረም። የጋገረችው እሷ ናት፤ በአንድ ቃል። ነገ ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ዋው ይላል፤ አባቷም የሁሉንም ቃል ሰብስቦ ይመጣና እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያኝከዋል።

«አባዬ፣ ኦቾሎኒ የለም።»

«እ?»

«ኦቾሎኒ አይልም። መራራ ነው።»

ማኘኩን አቆመ። አልዋጠም፤ አልተፋም።

«የዛሬው ነው?»

«ሁሉም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

እየቀዘቀዘ ያለው ምድጃ ቀጭ፣ ቀጭ ይል ነበር። አባቷ በአፉ የያዘውን በግድ ዋጠ። ተነሥቶ ወደ ቧንቧው ሄደና እጁን መታጠብ ጀመረ። ዱቄቱ ከለቀቀ በኋላም አላቆመም።

«ልብስ ሰፊዋን ምን እንዳልኳት ሰምተሻል» አለ፣ ጀርባውን እንደሰጣት።

«ሰምቻለሁ።»

«መምህሩንም።»

«አዎ።»

«እነሱስ እሺ፤ በይሉኝታ ነው። አንቺ ግን…»

አልጨረሰውም። ሚጣ እንዲጨርሰው ፈለገች፤ ያልተነገረው ከሚነገረው ይልቅ ከብዷት ነበር።

«ታመህ ነበር» አለች። «የዚያን ቀን እያፏጨህ ነበር። እንዳታቆም ብዬ ነው።»

ውኃው ቆመ። አባቷ እጁን በሽርጡ አደረቀ፤ ጣት በጣት፣ ሳይቸኩል። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና ሌላውን በርጩማ በእግሩ ወደ እሷ ገፋላት። የተረፈውን ቁራሽም አቀበላት።

«ብዪው።»

«አባዬ ይቅርታ፣ እኔ…»

«ብዪውና ንገሪኝ። አሪፍ ነው፣ ቀሽም ነው አትበዪኝ። ምን እንደሆነ ንገሪኝ።»

ሚጣ ነከሰች። እስከ ዛሬ ስትቀምስ የምታየው የእሱን ፊት ነበር። አሁን ዓይኗን ጨፈነች።

«መጀመሪያ ላይ ምንም የለም» አለች። «ገለባ እንደ ማኘክ ነው። ከዚያ ጨው… ጨው ደህና ነው። አሁን ደግሞ ቅጠል ቅጠል ይላል። እሱም ደስ አይልም፣ ግን ይቻላል። መራራው ሲዋጥ ነው የሚመጣው። ምላስ ላይ አይደለም፤ እዚህ፣ ጉሮሮ ላይ ነው። ልክ… ልክ ያረረ ድስት እንደ መላስ።»

«ያረረ?» አባቷ ወደ ፊት ተጠጋ። «ያረረ ነው ያልሽኝ? እርግጠኛ ነሽ፣ ቅጠሉ አይደለም?»

«አይደለም። ያረረ ነው።»

አባቷ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ተልባው ነው! ተልባ ሲቆላ ማረሩን ዓይን አያየውም፤ ቀድሞም ቡናማ ነው። ከእሳት የሚወርደው ጠረኑ ተሽትቶ ነው። እኔ ደግሞ ማሽተት ሲያቅተኝ ጊዜ፣ በደንብ እስኪንጫጫ እያልኩ በጆሮዬ ስጠብቅ…» ንግግሩን አቋረጠ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሚጣ የሚያለቅስ መስሏት ደነገጠች። እየሳቀ ነበር። «ሰፈሩን በሙሉ ድስት ሳስልሰው ከርሜያለሁ በይኛ! ጭራሽ ለምን አትልሱም ብዬ መቆጣቴ!»

ሚጣም ሳቀች፤ ሳቁ ከእንባዋ ጋር እየተጋፋ ወጣ።

አባቷ ሳቁን ቀድሟት አቆመ። ሊቆጣት ያሰበውን አልረሳውም፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ነገር ግን ተነሥቶ መጥበሻውን ከምስማሩ አወረደ።

«ነገ በጠዋት ልብስ ሰፊዋ ጋ እሄዳለሁ፤ ከዚያ መምህሩ ጋ። አሁን ግን አፍንጫሽን አምጪልኝ፤ ተልባ እንቆላለን። በቃ ስትዪኝ አወርደዋለሁ።»

*

ቅዳሜ ጠዋት፣ አባቷ ልብስ ሰፊዋንና መምህሩን ይቅርታ ጠይቆ ሲመለስ፣ ትሪውን ከሁለት ጎን ይዘው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ተጓዙ። አዲሱ ዳቦ የማረር ጣዕሙ ለቆታል። ቅጠሉ ግን አሁንም ነበር፤ የዱባው ፍሬም ሲያኝኩት ይንሸራተታል። ሚጣ ከምድጃው እንደወጣ ቀምሳ «ተሻሽሏል፤ ገና ነው» ብላው ነበር። አባቷ አላፏጨም። አንገቱን ነቀነቀና ትሪውን አነሣ።

በሩ ላይ ሲደርሱ አባቷ ትሪውን ለእሷ ትቶ ርዕሰ መምህሯን ሊጠራ ወደ ውስጥ ገባ። ሬዲዮ እየሮጠች መጣች።

«ሁሉም ዝግጁ ነው! ዋው አለማምጃቸዋለሁ። የኋላ ወንበር ልጆች እንዲያውም ሊያጨበጭቡ ነው፤ ማጨብጨቡ አይበዛም ብለሽ ነው?»

«ይቅርብን» አለች ሚጣ።

«ጭብጨባው?»

«ዋውም።»

«አብደሻል? ባይጥማቸውስ?»

«አልጣመንም ይበሉ። ግን እዚያ ላይ አያቁሙ። የት ላይ እንዳስቸገራቸው ይናገሩ፤ ምላስ ላይ ነው፣ ጉሮሮ ላይ ነው፣ ምን ምን ይላል። አባዬ የሚፈልገው እሱን ነው።»

«ለአንድ ዳቦ ይሄ ሁሉ ፈተና! ሁሉም አይበላም ቢሉስ? ክበቡ አይወስደውማ።»

«ዛሬ አይወስደውም» አለች ሚጣ።  ትሪውን በጉልበቷ ደግፋ፣ የተሸፈነበትን ጨርቅ ገለጥ አድርጋ አንድ ቁራሽ አወጣች። «እንኪ፣ ከአንቺ እንጀምር።»

ሬዲዮ ቁራሹን ተቀብላ አሸተተችው፤ በጥርሷ ጫፍ ነከሰች። ለማውራት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ቅንድቧን ሰብስባ ማኘኳን ቀጠለች።

ሚጣ ትሪውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሳትቸኩል፣ ጠበቀቻት።