«አላውቅም» ያለችበት ቀን

ሠራተኛው ሁሉ «ሙጫው» ይለው ነበር። ኬሚስት ነው። ለመስማት ለሚቸገሩ ሕፃናት የጆሮ መሣሪያ የሚገጣጥመው ትንሽ ድርጅት የቀጠረው ለአንድ ጣጣ ነበር፤ አዲሱ የፕላስቲክ ቀፎ ሙጫ አልቀበል ብሎ አስቸግሯል።

እሷ የዚያው ድርጅት ሠራተኛ ናት፤ የመሣሪያዎቹን ቀጫጭን ሽቦዎች ትበይዳለች። አንድ ጠዋት ጠረጴዛዋ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«እጅሽ አይንቀጠቀጥም አሉኝ። እስቲ ለአንድ ሰዓት አውሺኝ።»

«የምትመልስልኝ ከሆነ» አለች ቀና ሳትል።

ሳቀ። አንድ ሰዓቱ ሦስት ሳምንት ሆነ። ያጣብቃሉ፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይነክራሉ፣ ይጎትታሉ። ሁሉም እየተላጠ ይወድቃል።

«ይሄ ፕላስቲክ ተፈጥሮው እንደ ሰም ነው» ይላታል። «መጀመሪያ ሙጫውን የሚያስይዝ ቅብ ይፈልጋል። ሙጫውም ድርቅ ያለ አይሁን። ሲሞቅ ቀፎውና ውስጡ ያለው ዕቃ እኩል አይለጠጡም።»

እሷ ከነገሩ ይልቅ ድምፁን ታዳምጣለች።

አንድ ቀን የተጣበቀውን ቀፎ እሱ በዚህ እሷ በዚያ ይዘው ጎተቱ። አልላቀቅ አለ። ደግመው ጎተቱ። ከዚያ መጎተቱን ተዉት፤ እጃቸውን ግን ሁለቱም አላነሱም። ተያዩ።

የክፍሉ ኃላፊ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ «ጋሼ» ነው የምትለው። አባታቸው ሲሞት እሷ እንድትማር ብሎ ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው ነው።

«አንድ ሳምንት ይስጡኝ» ብሎ ለመነው ኬሚስቱ። «በላብና በሙቀት ሳይፈተን እንዳይወጣ።»

«ደንበኛው ነገ ነው የሚፈልገው! በቶሎ የሚደርቀውን ቀቡና ላኩት።»

እሷ እዚያው እየበየደች ነበር። አንዲት ቃል አላመለጣትም።

በወሩ መሣሪያዎቹ ተመለሱ። ውስጣቸው ተላቅቆ ይንኳኳል። አንዷ ልጅ መንገድ ስታቋርጥ የመኪና ጥሩምባ ሳትሰማ ቀርታ፣ መኪናው ገጭቷት እግሯ ተሰብሯል።

የድርጅቱ ባለቤት ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡ። «ሙጫውን የመረጠው እሱ ነው» አለ ወንድሟ።

ኬሚስቱ ወደ እሷ ዞረ። ፊቱ ላይ ስጋት አልነበረም። «እሷ እዚያው ነበረች። ይጠይቋት።»

«እስቲ ንገሪን፣ ልጄ» አሉ ባለቤቱ።

ወንድሟን አየችው። አንገቱን ደፍቷል።

«አላውቅም» አለች።

ኬሚስቱ አልጮኸም። እንደማያውቃት ሰው ትክ ብሎ አያት፤ ጋውኑን አውልቆ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ወጣ።

ከሥራ ስትወጣ እየሮጠች ወደ ተከራየበት ክፍል ሄደች። መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ እየከተተ ነበር።

«ወንድሜ እኮ ነው» አለች በሩ ላይ ቆማ።

«አውቃለሁ።»

«ምን ላድርግ? ንገረኝ፣ ምን ላድርግ?»

«አልተቀየምኩሽም» አለ ካርቶኑን እያሰረ። «ግን እኔ ሌላ ምስክር አልነበረኝም። ከአንቺ በቀር ማንም አልነበረኝም።»

ስታለቅስ ውኃ ቀድቶ ሰጣት። አልነካትም።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ ቢሮ ገብታ እውነቱን ዘረገፈችው። ወንድሟ ተባረረ። ከዚያ ወዲያ በአንድ ቤት እየኖሩ ፊቱን ያዞርባታል፤ እናታቸው በሁለቱ መካከል ሆና ታለቅሳለች። ኬሚስቱን ተመለስ ቢሉት እንቢ አለ። ሌላ ከተማ ሥራ ይዟል።

እሷ ስልክ ለመደወል ሁለት ወር ፈጀባት።

«ተናገርኩ» አለችው።

«ሰምቻለሁ። አመሰግናለሁ።»

ትንፋሹ ይሰማታል። «ልምጣ?» ልትል አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«ምሳ በላሽ?» አላት በመጨረሻ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

«አዎ» አለች። አልበላችም ነበር።

«ደግ አደረግሽ» አለና ስልኩን ዘጋው።