ቀድሞ የገባው ቤዝ

ያን ነጠላ ዜማ የማያውቅ እንግሊዛዊ የለም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ጊታሩ ብቻውን ይጫወታል፤ ከዚያ ቤዝ ጊታሩ መግባት ካለበት ጊዜ አንድ ምት ቀድሞ ዘው ይላል። በኋላ የተነሱ ባንዶች ሁሉ ይህችን አገባብ ቀድተዋታል። ጋዜጠኞች «ድፍረት» ብለው ጻፉላት።

የምን ድፍረት። ሀል ከምትባለው የወደብ ከተማ የተነሳው ቶልጌትስ ባንድ ለንደን ገብቶ ሲቀርጽ፣ የድምፃዊው እህት ግሌንዳ ሻይ ይዛ የስቱዲዮውን በር በክርኗ ገፋችው። ቀይ መብራት ሲበራ መግባት ክልክል መሆኑን ማን ነግሯት። ቤዝ ተጫዋቹ ኔቪል ቀና ብሎ አያት፤ እጁ ቀደመው። የተከራዩት የስቱዲዮ ሰዓት አልቆ ስለነበር ሸክላው እንደዚያው ታተመ።

«ሥራችንን አበላሸሽው እኮ» አላት ኔቪል ወደ ባቡር ጣቢያው ሲሄዱ።

«እኔ ምን አደረግኩ? ሻይ ነው ያመጣሁት።»

«እሱም ቀዝቅዟል።»

«አንተ ስታፈጥብኝ ነዋ የቀዘቀዘው።»

ጣቢያው ሲደርሱ እጇ እጁ ውስጥ ነበር።

ዘፈኑ በሳምንታት ውስጥ አገሩን አዳረሰ። ያኔ የባንዱ ማናጀር ልጆቹን ሰብስቦ፣ «ልጃገረዶቹ ሸክላችሁን የሚገዙት አንድ ቀን እናገባቸዋለን እያሉ ነው። ፍቅረኛ የሚባል ነገር እንዳልሰማ» አላቸው። ኔቪልም ለአንድ መጽሔት «ማንም የለችኝም» ብሎ ተናገረ። ግሌንዳ ያንን ያነበበችው አውቶቡስ ስትጠብቅ ነው።

«ለሥራው እኮ ነው የኔ ፍቅር» አላት ሲደውል። «አንቺ እውነቱን ታውቂ የለ?»

«እኔ ማወቄ ምን ዋጋ አለው? ሰው የሚደብቀው የሚያፍርበትን ነው። በሰው ፊት ስሜን መጥራት እስክትችል አትደውልልኝ።»

አልደወለም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፈሪ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ባንዱ ፈረሰ፤ ዘፈኑ ግን በየመጠጥ ቤቱና በየሠርጉ ቀረ። ግሌንዳ ሀል ውስጥ የሙዚቃ መምህርት ሆነች። እሷም አላገባችም፣ እሱም አላገባም። ተማሪዎቿን ያን ዘፈን ስታስተምር ግን ቤዙን በልኩ፣ በምቱ ላይ ታስገባው ነበር። ግትር ናት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የትምህርት ቤቱ በዓል ሲከበር ተማሪዎቹ ኔቪልን በክብር እንግድነት ጋበዙት። ግሌንዳ መምጣቱን ስትሰማ ሻይ አፈላለሁ ብላ ወጥ ቤት ተደበቀች። መድረክ ላይ ትሬሲ የምትባል ተማሪ ቤዙን በምቱ ላይ አስገባች። ወላጆች «ተሳሳተች» እያሉ ሳቁ።

ኔቪል ብድግ አለ። «ማን ነው እንዲህ ያስተማረሽ?»

«ቲቸር ግሌንዳ ናት። ሸክላው ላይ ያለው ስህተት ነው ትለናለች።»

አዳራሹ እንደገና ሳቀ፤ ኔቪል ግን አልሳቀም።

«እውነቷን ነው» አለ። «ሆን ብዬ ነው እያልኩ ስዋሽ ኖሬያለሁ። በሩ ተከፍቶ ግሌንዳ ገባች፤ እሷን ሳይ ተሳሳትኩ። እወዳት ነበር። ለጋዜጠኛ ግን የለችም ብዬ ካድኳት። ዛሬም እወዳታለሁ።»

ግሌንዳ የሻይ ትሪ ይዛ ከበሩ ጀርባ ቆማ ነበር።

ኔቪል የትሬሲን ቤዝ ተቀብሎ፣ «እስቲ ከመጀመሪያው» አለ። ጊታሩ ጀመረ። ግሌንዳ በሩን በክርኗ ገፋችው።

ቤዙ አንድ ምት ቀድሞ ገባ።

መድረኩ ጫፍ ድረስ ሄዳ ትሪውን አስቀመጠች። «አሁንም ቀደምክ» አለችው።

«የት ቀደምኩ ግሌንዳ? በጣም አርፍጄ ነው የመጣሁት።»

ትኩር ብላ አየችው። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ዓይኑ ግን ያው የስቱዲዮው ዓይን ነው። አንዱን ኩባያ አንስታ ሰጠችው።

«በል ጠጣ» አለችው። «ዛሬ እንዳታቀዘቅዘው።»