ምንጭህ ማን ነው?

ሪሀና ሙሀሲንን ያወቀችው ከጀውሃ ወደ ሸዋ ሮቢት በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። እሷ የከተማው ሬዲዮ ጋዜጠኛ ናት። እሱ የይፋትን ወሬ በቴሌግራም የሚለቅ ልጅ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ዐይኑን ከስልኩ አልነቀለም። ነቅሎ ካያት በኋላ ግን ወደ ስልኩ መመለስ አቃተው።

«እህት፣ ሬዲዮ እኮ ሞቷል» አላት።

«ምንጭህ ማን ነው?»

«ሰው ሁሉ የሚያወራው ነዋ!»

«‹ሰው ሁሉ› ስልክ ቁጥር የለውም፤ ደውዬ እንዳጣራው» አለችና ሳቀች። አቤት ያ ሳቅ! ልጁ በዚያው ቀረ።

እሷም ወደደችው፤ ምን ይደበቃል። ፀሐዩ በረድ ሲል እየተገናኙ፣ ስለ ሥራቸው እየተጨቃጨቁ፣ ሽማግሌ የሚልክበት ቀን ተቆረጠ።

ሳምንት ሲቀረው ጉድ ፈላ። አንድ ሰው «አብዱልሰመድ አኼራ ሄዱ» ብሎ ጻፈለት። የሪሀና አባት ስም ነው። የአማቴን መርዶ ከእኔ በፊት ማን ያወጣዋል ብሎ፣ ለማንም ሳይደውል፣ ፎቶአቸውን ከ«ኢና ሊላሂ» ጋር ለቀቀው።

ሪሀና ጣቢያው ውስጥ ሆና አየችው። ቤት ስትደውል ስልኩን ያነሡት ራሳቸው አባቷ ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ግቢዬ ለቀስተኛ ሞልቷል፤ ማን እንደሞተ የሚነግረኝ ጠፋ!»

እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ እየደወለች አጣራችና ማይክሮፎኑን ከፈተች። «አባቴ በሕይወት አሉ። ያረፉት የካራቆሬው አብዱልሰመድ ናቸው፤ ቀብራቸው ከዙህር ሶላት በኋላ ነው።» ለቀስተኛው ይህን ሰምቶ ወደ ካራቆሬ ተሳፈረ።

አባቷ ግን ነገሩ አልወጣላቸውም። «በቁሜ ለቀበረኝ ሰው ልጄን አልሰጥም!»

ሪሀና ተናዳበታለች፤ ማጣቱን ግን አልቻለችውም። «ሄደህ ራስህ ንገራቸው» አለችው።

ሙሀሲን አንገቱን ደፍቶ አባቷ ዘንድ ገባ። «ጋሼ፣ አፉ ይበሉኝ። ወላሂ፣ ለክብርዎ ብዬ ነው።»

«ሬዲዮ ሞቷል አልክ፤ እኔንም ሞቱ አልክ። ይኸው ሁለታችንም አለን። ልጄን ከፈለግህ በገዛ አፍህ፣ በሬዲዮ አንሣኝ!»

በማግስቱ ስቱዲዮ ገባ። በስልኩ እንደ ልቡ የሚያወራው ልጅ ላብ በላብ ሆነ። ሪሀና ከጠረጴዛው ሥር እጁን ያዘችው።

«ሳላጣራ ጻፍኩ። ጋሼ አብዱልሰመድ ደህና ናቸው» አለ።

ይህንኑ የሬዲዮ ድምፅ በቴሌግራሙም አስተላለፈው። ጅዳ ያሉ የይፋት ልጆች ሬዲዮኑን በየቀኑ ልቀቅልን ብለው ወጥረው ያዙት። ከዚያ ወዲያ እሷ ታጣራለች፣ እሱ ባሕር ያሻግራል። ሽማግሌዎቹም እሺ ተብለው ወጡ።

የኒካሁ ዕለት ሙሀሲን «ተጋባን» ብሎ ለጠፈ። ማን ይመነው! ሰው ሁሉ ጋሼ አብዱልሰመድ ዘንድ ደወለ።

«እኔም ሬዲዮኑን እየጠበቅሁ ነው» ይላሉ እየሳቁ።

ሪሀና በሙሽራ ልብሷ ጣቢያው ድረስ ሄደች። ሂና በደመቀ እጇ ማይክሮፎኑን ከፈተች።

«ዜናው እውነት ነው» አለች። «ሙሀሲንን አግብቼዋለሁ። ምንጩ እኔው ነኝ።»